ወረቀቱን ሳትይዙ ከተማ አትቀይሩ

ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅኩ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተመረመርኩ፣ ምክር አገኘሁ፣ መድኃኒት ጀመርኩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ስለሚሰጥ በገንዘብ አልተቸገርኩም። መጀመሪያ የምወስደው ኤፋቪሬንዝ ሌሊት ያቃዠኝ ነበር፤ በዶሉቴግራቪር ሲተካልኝ ተገላገልኩ።

እኔን የጎዳኝ ዝውውር ነው።

ሐዋሳ ሥራ አግኝቼ ከአዲስ አበባ ስወጣ፣ ሌላ ቦታ ሕክምናዬን የምቀጥልበትን የዝውውር ወረቀት ከክሊኒኬ አልጠየቅኩም። እዚያ የምትከታተለኝ ሲስተር «ለምን ትለቂናለሽ?» ብትለኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። የስድስት ወር መድኃኒት መውሰድም እችል ነበር። ብልቃጦቹን እንግዳ ያይብኛል ብዬ የሦስት ወር ብቻ እወስድ ነበር።

ስምንት ፍሬ ሲቀረኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «የኤአርቲ ነሽ?» አለኝ፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚ ነሽ ወይ ማለቱ ነው፤ ወረፋው በሙሉ እየሰማ። ከኋላዬ የነበረች እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ምላሴ ተሳሰረ። «አይ፣ ራሴን አሞኝ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ግን ከእሱ ይልቅ በራሴ ነው የምናደደው። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ፍሬዎቹ አለቁ። ከዚያ በኋላ 11 ቀን ያለ መድኃኒት ቆየሁ። ብልቃጡ ታክሲ ውስጥ እንዳይንኳኳብኝ የምወትፍበት ጥጥ ብቻ ቀረ። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና እንደሚባዛ፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው እንደሚችል አሳምሬ አውቃለሁ። አውቄ ነው የተቀመጥኩት።

በ12ኛው ቀን ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ የምትሠራ፣ እሷም ከቫይረሱ ጋር የምትኖር አማካሪ የድሮ ክሊኒኬ ስልክ ደወለች። ሲስተር አነሳች። «ምነው ልጄ፣ ወረቀቱን እኮ አምስት ደቂቃ ነው የምጽፍልሽ» አለችኝ። አለቀስኩ።

ስለዚህ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ወረቀቱን ያዙ። የኤአርቲ ክፍሉን ስልክም ጻፉ። አዲስ ቦታ ስትሄዱ፣ ምንም «መጀመሪያ ካርድ» ተብሎ ቢለጠፍ፣ በቀጥታ ወደ ኤአርቲ ክፍል ግቡ። ትርፍ ፍሬም ለቆጠራ አምጡ ይሏችኋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የ15 ቀን ለብቻ አስቀምጣለሁ። ማንም ቢቆጣኝ አልመልስም።

ከሦስት ወር በኋላ ቫይራል ሎዴ፣ ማለትም በደሜ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ከ50 በታች ወጣ፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ውጤቱን ለሲስተር ደውዬ ነገርኳት።