የጠፉት 16 ዓሦች

ሥራዬ ከላቦራቶሪ የሚመጣውን የዘረመል ውጤት መተንተን ነው። አንድ ጊዜ የ200 ዓሦች ውጤት ደረሰኝ። በአንዱ የዘረመል ምልክት (ከዓሣ ዓሣ በሚለያይ አንድ የዘረመል ቦታ) ላይ 106ቱ ኤኤ፣ 68ቱ ኤቢ፣ 26ቱ ቢቢ ነበሩ።

እንደልማዴ ከአሊሎቹ፣ ማለትም ዓሣው ከእናቱና ከአባቱ አንዳንድ ከሚወርሳቸው የምልክቱ ዓይነቶች (እዚህ ኤ እና ቢ)፣ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ዓሣ ሁለት አሊል ስላለው በጠቅላላው 400 ናቸው። የኤ ብዛት የ106 እጥፍ ሲደመር 68፣ ማለትም 280 ነው፤ ድርሻው 0.7፣ የቢ ደግሞ 0.3 ይሆናል። (የቢቢን ድርሻ ካሬ ሥር አውጥተው የቢን ድግግሞሽ፣ ማለትም ከአሊሎቹ ሁሉ ያለውን ድርሻ፣ የሚገምቱ አሉ። ኤኤና ኤቢን መለየት በማይቻልበት ጊዜ ሌላ አማራጭ የለም። ሦስቱም ተለይተው ከተቆጠሩ ግን እንዲህ ማድረግ ሊፈተን የቀረበውን ነገር፣ እርባታው በዘፈቀደ መሆኑን፣ አስቀድሞ እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው።)

እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ሃርዲና ጀርመናዊው ሐኪም ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1908 ለየብቻቸው እንዳሳዩት፣ እርባታው በዘፈቀደ ከሆነ የጂኖታይፖቹ (የሦስቱ ጥምረቶች፦ ኤኤ፣ ኤቢ፣ ቢቢ) ድርሻ 0.49 (የ0.7 ካሬ)፣ 0.42 (የ0.7 እና የ0.3 ብዜት እጥፍ) እና 0.09 (የ0.3 ካሬ) መሆን አለበት። በ200 ሲባዛ 98፣ 84፣ 18። እኔ ያገኘሁት ኤቢ ግን 68 ነው፤ 16 ጎድሏል። ካይ ስኩዌሩ፣ የተቆጠረው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ቁጥር፣ 7.26 ወጣ፤ ወሰኑ 3.84 ነው፤ ከዚያ ካለፈ በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል።

ወዲያው የመጣልኝ የላቦራቶሪ ስህተት ነው። በፒሲአር (ዘረመልን አባዝቶ ለንባብ በሚያበቃው የላቦራቶሪ ዘዴ) ጊዜ ከሁለቱ አሊሎች አንዱ ሳይባዛ ከቀረ ኤቢ የነበረው ዓሣ ኤኤ ወይም ቢቢ ሆኖ ይነበባል፤ መሃሉ ይሳሳል፣ ዳርና ዳሩ ይወፍራል። የእኔም ቁጥሮች ልክ እንደዚያ ነበሩ። ምልክቱ ከሪፖርቱ እንዲወጣ፣ ሥራውም እንዲደገም ጻፍኩ። ደብዳቤዬ "ሊሆን ይችላል" አይልም፤ "ስህተት አለ" ነበር የሚለው።

ናሙናዎቹን ያነበበችው ባልደረባዬ ምንም ሳትመልስ ሥራውን እንደገና ጀመረች። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አዲሱን ውጤት ከአሮጌው ጎን አድርጌ አንድ በአንድ ሳወርድ አንድም ዓሣ አልተለወጠም። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ለኃላፊያችን ሳሳየው ቁጥሮቹን እንኳ በደንብ አላየም። "ዓሦቹ የተያዙት የት ነው?" አለኝ። ፋይሉን ስከፍት ከናሙናው መለያ ቁጥር ፊት አንዲት ፊደል አለች፤ ግማሹ ላይ ሌላ፣ ግማሹ ላይ ሌላ። ሁለት ሐይቆች ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው 100 ዓሣ። ያቺን ፊደል ለሥራ ይቀለኛል ብዬ የቆረጥኳት እኔው ራሴ ነበርኩ።

ለያይቼ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ሐይቅ 80፣ 20፣ 0፤ የኤ ድርሻ 0.9። የሁለተኛው 26፣ 48፣ 26፤ የኤ ድርሻ 0.5። በየሐይቁ የሚጠበቀው ኤቢ 18 እና 50 ነው፤ ድምሩ 68። እጄ ላይ የነበረውም 68። የጎደለ አንድም ዓሣ አልነበረም። (በመጀመሪያው ሐይቅ የሚጠበቀው ቢቢ 1 ብቻ ስለሆነ ካይ ስኩዌር አይታመንም፤ ለትንንሽ ቁጥሮች በሚሆነው በኤግዛክት ፈተና አየሁት፣ ችግር አልነበረውም።)

ይህ የዋሉንድ ውጤት ይባላል፤ ስዊድናዊው ስቴን ዋሉንድ እ.ኤ.አ. በ1928 የገለጸው ነው። ድግግሞሻቸው የተለያየ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ናሙና ተደባልቀው ሲቆጠሩ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሚዛኑን የጠበቀ ቢሆን እንኳ፣ በድምሩ ላይ ኤቢ ያነሰ ይመስላል። ጉድለቱም የሚሰላ ነው። ሁለቱም ሐይቆች ከአማካዩ 0.7 በ0.2 ይርቃሉ፤ የ0.2 ካሬ 0.04፣ እጥፉ 0.08፣ በ200 ሲባዛ 16። ዋሉንድን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ወድቄበት አላውቅም፤ ስሙ ግን ያን ጊዜ አልመጣልኝም። ሌሎቹን ምልክቶች ባያቸው እንኳ ፍንጭ አገኝ ነበር፦ የሁለቱ ሐይቆች ድግግሞሽ በሚቀራረብበት ምልክት ላይ ጉድለት የለም፣ በሚራራቅበት ላይ አለ። አንድ አሊል ሳይባዛ ቢቀር ኖሮ እንዲህ ሐይቅ እየለየ አይመጣም።

ሁለቱን ሰንጠረዦች አትሜ ወደ ላቦራቶሪ ወረድኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። "20ውም 48ቱም ልክ ነበሩ ማለት ነው?" አለች።

"መጀመሪያውኑ ልክ ነበሩ" አልኳት።

ይጣል ብዬ የጻፍኩበት ምልክት በመጨረሻ ሁለቱን ሐይቆች ከሁሉም አብልጦ የሚለየው ሆኖ ተገኘ። በሪፖርቱ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ ያስገባነው እሱን ነው።