ከመቅኒ ምርመራ በኋላ፣ በድሬዳዋ ሙቀት

ከዳሌ አጥንቴ የመቅኒ ናሙና የተወሰደው ሐረር ላይ ነው፤ ያገገምኩት ግን ድሬዳዋ ቤቴ ነው። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም ነበር፤ ሆኖም የራሴን እንክብካቤ ከሞላ ጎደል የወሰነው እርሱ ሆኖ አገኘሁት። ሐረር ሆኖ ለሚሰማው ሰው «ፋሻው ለ24 ሰዓት ውኃ እንዳይነካው» የሚለው ትእዛዝ ቀላል ነው። የደንገጎን ዳገት ቁልቁል ወርዶ ድሬዳዋ ለሚገባ ሰው ግን፣ ያውም በግንቦት ወር፣ ውኃው ከውጭ ባይመጣ እንኳ ከገዛ ቆዳው ይመነጫል።

ምርመራው የታዘዘልኝ የደም ቆጠራዬ በተደጋጋሚ ዝቅ ብሎ በመገኘቱ ነበር። ቀዩም ነጩም የደም ሕዋስ፣ ደምን የሚያረጋው ፕላትሌትም የሚሠሩት በአጥንት መቅኒ ውስጥ በመሆኑ፣ ሦስቱም አብረው ሲያንሱ ሐኪሙ የሚሠሩበትን ቦታ ራሱን ማየት ይፈልጋል። በጎኔ ተኝቼ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ከኋላ በኩል በሚገኘው የዳሌ አጥንት ላይ ማደንዘዣ ተወጋሁ፤ መጀመሪያ ፈሳሹ መቅኒ በሲሪንጅ ተሳበ፣ ቀጥሎም ወፈር ባለ መርፌ ቀጭን የአጥንት ቁራጭ ወጣ። ማደንዘዣው ቆዳውንና የአጥንቱን ሽፋን እንጂ የአጥንቱን ውስጥ ስለማይደርስበት፣ ፈሳሹ ሲሳብ ለጥቂት ሰከንዶች እስከ ጭን የሚወርድ ብርቱ ሕመም ይሰማል። ጠያቂዎቼ ሁሉ አጥብቀው የሚጠይቁኝ ስለዚህች ቅጽበት ነው፤ እኔ ግን ቶሎ ታልፋለች ከማለት በስተቀር የምጨምርላቸው የለኝም።

መርፌው እንደወጣ ቦታው በእጅ ተጫነ፤ ከዚያም የተጠቀለለ ጎዝ ከሥሩ ተደርጎልኝ በጀርባዬ እንድተኛ ተደረገ፤ የገዛ ክብደቴ ቁስሉን ተጭኖ ደሙን እንዲያቆም ነው። የጤናማ ሰው የፕላትሌት መጠን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ሲሆን የእኔ ከዝቅተኛው በታች ስለነበር፣ ሲስተር ከሌሎች ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንድተኛ አደረገችኝ፤ ከመነሣቴም በፊት ፋሻው ላይ ደም መኖር አለመኖሩን ደጋግማ አየች። የቤት ውስጥ ጥንቃቄውን የነገረችኝም ያን ጊዜ ነው። በዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ጣሪያ እያየ ለተኛ፣ አእምሮው ገና እዚያው መርፌ ላይ ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ምክር በቃል ብቻ ሊሰጥ አይገባም ነበር። ደግነቱ እኅቴ አጠገቤ ቆማ በስልኳ ትጽፍ ነበር። እንዲህ ላለ ምርመራ የሚሄድ ሰው አስታማሚ ይዞ ይሂድ የምለው ለመደገፊያ ብቻ አይደለም።

ከሐረር ድሬዳዋ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት ቁልቁለቱና መጠማዘዣው ግን ከርዝመቱ በላይ ይቆጠራል። የሚኒባሱን ሹፌር ለምነን ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ክብደቴን ወዳልተነካው ጎን አዘንብዬ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከወገቤ በላይ ደግፌ ቁስሉ ወንበሩን እንዳይነካ አደረግሁ። ደንገጎን ስናልፍ ማደንዘዣው መልቀቅ ጀመረ። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ባጃጅ ያዝን፤ የኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ ከመርፌው ይልቅ የሚያስመርር እንደሆነ ለሹፌሩ ስነግረው፣ «አቦ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ በዚህ ላይ ነኝ!» ብሎኝ ሳቀ። ሳቀም አልሳቀ ቀስ ብሎ ነዳ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ሲመሽ ነው። በዚህ ወር የድሬ ሰው በቀን ሁለት ሦስቴ ውኃ ካላፈሰሰ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ፎጣ በውኃ አርሼ ፊቴን፣ አንገቴን፣ ክንዴንና እግሬን ከመጥረግ አላለፍኩም። ፋሻውን በፌስታል ሸፍኜ ገላዬን እንድታጠብ የመከሩኝ ነበሩ፤ እኔ ግን በዚህ ሙቀት ፌስታል ከሚያስቀረው ውኃ ይልቅ ከሥሩ የሚያጠራቅመው ላብ ይበዛል ባይ ነኝ። ወገብ የሚያጠብቅ ልብስ ትቼ ድሪያ ለበስኩ። ሰፊና ስስ ስለሆነ ንፋስ ያስገባል፤ መቀነትም ሆነ ዚፕ ቁስሉን አይፈትግም። ቬንትሌተሩን ወደ ጀርባዬ አዙሬ ባልተነካው ጎኔ ተኛሁ። ሌሊት የፋሻው ጠርዝ በላብ ሲነሣ እኅቴ ፋሻውን ሳትገልጠው በላዩ ሌላ ፕላስተር አከለችበት።

በማግሥቱ ሰዓቱ ሲሞላ ፋሻው ተፈታ። የተጠበቀው ትልቅ ቁስል አልነበረም፤ ስፌት እንኳ ያላስፈለጋት አንዲት ትንሽ ቀዳዳና በዙሪያዋ የበለዘ ቆዳ። አክስቴ ግን ባየችው ጊዜ «ልጄ፣ ፌጦ ብናደርግበት እኮ ባንዴ ነው የሚያደርቀው» አለች። አክስቴን መቃወም ከባድ ነው፤ ፌጦም በቤታችን የተከበረ መድኃኒት ነው። ሆኖም ቀዳዳዋ ከቆዳ አልፋ እስከ አጥንት የምትዘልቅ በመሆኗ፣ ነጭ የደም ሕዋሴም ያነሰ በመሆኑ፣ ፌጦም ማርም ቅባትም እንደማላስነካት ነገርኳት፤ እርሷም ፌጦዋን አፍልታ ልታጠጣኝ ተስማማች። ከዚያ በኋላ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ቀስ ብዬ እያጠብኩ፣ ሳላሽ በንጹሕ ጨርቅ እየነካካሁ አደረቅኋት። በገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ለቀናት የተከለከለ ነው፤ የቧንቧችን ውኃ በፈረቃ ለሚመጣልን ይህ ክልከላ ብዙም አይጎዳንም።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምጽፈው ስለ ማስታገሻው ነው። እዚህ አገር ወገቡን ያመመው ሰው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ይገዛል፤ ቤት ውስጥም ከዚህ ቀደም የተረፈ አይጠፋም። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ግን የፕላትሌትን ሥራ ስለሚያውኩ፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ላነሰበትና ገና ለተወጋ ሰው ደም ያፈሳሉ። የተፈቀደልኝ ፓራሲታሞል ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን የራሱ ዘዴ አለው፤ ትኩሳትን ስለሚያበርድ ኢንፌክሽን ቢጀምር ሊደብቀው ይችላል። ስለዚህ ከመዋጤ በፊት ሁልጊዜ በቴርሞሜትር ሙቀቴን እለካ ነበር። ግንባርን በእጅ ዳስሶ መለካት በድሬዳዋ ቀትር ምንም ትርጉም የለውም፤ የነካኝም የተነካሁትም እኩል እንፈላለን። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ሌሊትም ቢሆን ሳይታደር ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነበር።

እንዲሁም ቦታው ቢደማ፣ በንጹሕ ጎዝ አጥብቆ መጫንና ቆመ ወይ እያሉ ቶሎ ቶሎ ሳይገልጡ 10 ደቂቃ ያህል መታገሥ፤ ከዚያም ካልቆመ መሄድ። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ዙሪያው ቀልቶ ካበጠና ካተኮሰ፣ መግል ከታየ፣ ወይም እግር ከደነዘዘ መዘግየት አይገባም። ለቀናት የሚቆይ የድብደባ ዓይነት ሕመምና ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጥ ብልዘት ግን የሚጠበቅ ነው።

ጠያቂ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በባህላችን የገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይሳማል፣ ቡናውም በርጩማ ላይ ተጎንብሶ ይጠጣል፤ ሁለቱም ለዳሌ አይመቹም። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ታላላቆቼን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሳልነሣ ተሳምኩ። የተቆጣኝም አልነበረም። ከዚህ የከበደው ውኃ በመጣ ቀን 20 ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን ሌሎች ሲሸከሙ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ቁስሉ ከላይ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ያረፈ ሰው ራሱን ሰነፍ ይመስለዋል፤ ሰውም «ደኅና ነህ» ይለዋል። ከሥሩ የተቦረቦረውን አጥንት የሚያየው የለም።

የፈሳሹ መቅኒ ውጤት ቶሎ ደርሷል። የአጥንቱ ቁራጭ ግን ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ከመታየቱ በፊት ካልሲየሙ በኬሚካል ወጥቶለት መለስለስ ስላለበት ይዘገያል፤ ሐኪሙም ሁለቱን አብሮ ሳያነብ ቁርጥ ያለ ነገር እንደማይነግረኝ አስቀድሞ ገልጾልኛል። በቀጠሮዬ የምጠይቀውን ጽፌያለሁ፤ አንደኛው ምርመራው መደገም ካለበት በግራ ወይስ በቀኝ እንደሚሆን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥንቃቄው በወረቀት ተጽፎ እንዲሰጠኝ ነው።