ከጦር ካርታው ባሻገር ያለችውን ዩክሬን እንዴት መከታተል እንደቻልኩ

እንደ ብዙው አንባቢ እኔም ስለ ዩክሬን የማነበው የግንባር ዜና ብቻ ነበር፦ የትኛው ከተማ ተያዘ፣ ስንት ሚሳኤል ተተኮሰ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 23 ሺሕ ቶን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ከዩክሬን ወደብ ስትነሳ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። እየተደበደበች እህል የምትልክ አገር እንዴት ትተዳደራለች? ማን ይወስናል? ባለሥልጣኑንስ ማን ይጠይቀዋል?

ሥራዬን የጀመርኩት ፊደላቸውን በመቁጠር ነው። 33 ፊደላት ናቸው፤ የእኛን ገበታ ለቆጠረ ሰው አያስፈሩም። ቋንቋውን ባልናገርም የሰው ስም፣ የረቂቅ ሕግ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ለይቼ ማንበብ ስችል ቀሪውን የኮምፒውተር ትርጉም አገዘኝ። ከዚያ ሁለት ምንጮችን ያዝኩ። አንደኛው «ዩክራይንስካ ፕራቭዳ» ነው፤ መሥራቹ ጋዜጠኛ ጎንጋድዜ እ.ኤ.አ. በ2000 የተገደለበት፣ ዛሬም ያልታጠፈ የዜና አውታር። ሁለተኛው የምክር ቤት አባሉ ያሮስላቭ ዠሌዝኒያክ የራዳውን (የዩክሬን ምክር ቤት) ውሎ የሚያሰፍርበት የቴሌግራም ገጽ ነው። ተቃዋሚ ስለሆነ የሚለውን ሁሉ ከድምፅ አሰጣጥ መዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ።

ዓይኔን የከፈተልኝ የእንቁላል ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጋዜጠኛ ዩሪ ኒኮሎቭ የመከላከያ ሚኒስቴርን የስንቅ ውል ይፋ አወጣ። በኪየቭ ሱቆች 7 ህሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ) ገደማ ይሸጥ የነበረው እንቁላል በውሉ ላይ 17 ህሪቭኒያ ተጽፏል። አገር በእሳት ላይ እያለች እንዲህ ያለ ጉዳይ ይድበሰበሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምክትል ሚኒስትሩ በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ራዳው የጦር መሣሪያ ያልሆኑ የመከላከያ ግዥዎች ነጠላ ዋጋ በይፋ እንዲታይ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሚኒስትሩ ሬዝኒኮቭም በሴፕቴምበር ተተኩ። ከዚያ ወዲህ የመሪዎችን ንግግር ትቼ ውልና የድምፅ ቆጠራ እከታተላለሁ።

ይህ ልማድ በጁላይ 2025 ጠቀመኝ። በ22ኛው ቀን ራዳው ረቂቅ ቁጥር 12414ን በ263 ድምፅ አጸደቀ። ሕጉ የብሔራዊ ፀረ ሙስና ቢሮውንና የልዩ ዐቃቤ ሕጉን ነፃነት ገፍፎ ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር የሚያስገባ ነበር። ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ በዚያው ቀን ፈረሙበት። ወጣቶች ካርቶን ቀድደው መፈክራቸውን በእጃቸው ጽፈው ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት አጠገብ በኢቫን ፍራንኮ ቲያትር ደጃፍ ተሰበሰቡ። ልቪቭ፣ ድኒፕሮና ኦዴሳም ተከተሉ። ከሙሉ ወረራው ወዲህ ታላቁ የፀረ መንግሥት ሰልፍ ይህ ነበር፤ ሌሊት ድሮን በሚበርበት ከተማ! የአውሮፓ ኅብረትም ስጋቱን ገልጿል፤ ነገር ግን ሁሉንም ለብራስልስ የሚሰጥ ትንታኔ እነዚያን ልጆች ይበድላል። በ31ኛው ቀን ያው ምክር ቤት ነፃነቱን በ331 ድምፅ መለሰ። ሁለቱን ቆጠራዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ በመጀመሪያው ቀን ከደገፉት ብዙዎቹ በሁለተኛውም «አዎ» ሲሉ ማየት ከማንኛውም ትንታኔ የበለጠ አስተምሮኛል።

የምልመላው ጉዳይ ግን ልብ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የምልመላ ዕድሜ ከ27 ወደ 25 ሲወርድ፣ ከ36 ወራት በኋላ ወታደር እንዲሰናበት ይፈቅድ የነበረው አንቀጽ ከአዲሱ የምልመላ ሕግ ረቂቅ ወጣ። የዘማች ሚስቶች «ባሎቻችንን ተኩልን» ብለው ሲሰለፉ የአገር ፍቅር አጥተው አይደለም። መንግሥትም ተተኪ ሰው የለውም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የያዘ ዘገባ ሳነብ እጠራጠራለሁ።

የፀረ ሙስና ቢሮው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በመንግሥታዊው የኑክሌር ኃይል ኩባንያ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የደረሰ የጉቦ መረብ አጋለጠ፤ ሁለት ሚኒስትሮች ተሻሩ፤ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ያርማክም ቤታቸው ከተፈተሸ በኋላ ሥልጣን ለቀቁ። በጁላይ ካርቶን የያዙት ልጆች ያተረፉት ቢሮ ነው ይህን የሠራው።

ወታደራዊው ሕግ ምርጫን ስለሚከለክል የ2019 ተመራጮች ዛሬም በወንበራቸው አሉ፤ ሕጉም በየ90 ቀኑ በራዳው ድምፅ ይታደሳል። እያንዳንዱን እድሳት ማን እንደደገፈና ማን እንደቀረ በስም እመዘግባለሁ፤ ምርጫ ሲመጣ ሕዝቡ የሚጠይቃቸው እነዚህን ሰዎች ነው።