ጂቲኤ ላይ አዝማሪ ልሁን ለምትሉ

ጂቲኤ በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ ሮልፕሌይ (ሌላ ሰው ሆኖ መጫወት) ለመጀመር ካሰባችሁና ካራክተራችሁ (የምትሆኑት ሰው) ወሬ የሚሰማ፣ ወሬ የሚያወራ ዓይነት ሰው ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የስክሪን መቅጃ አስተካክሉ። ስምና ልብስ በኋላ ይደርሳል። ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ከገና በፊት ጀምሬ እስከ ጥምቀት ከአድሚን (ጨዋታውን ከሚያስተዳድረው ሰው) ጋር ስነታረክ ባልከረምኩ ነበር።

ቀላሉን ላሳጥረው። የምንጫወተው በፋይቭኤም ነው። ጂቲኤ 5ን ሰዎች በራሳቸው ሰርቨርና በራሳቸው ሕግ እንዲጫወቱት የሚያደርግ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሠሪዎቹን ራሱ የጂቲኤ ባለቤት ሮክስታር ጠቅልሏቸዋል። እዚህ ጎንደር በፍላሽ የምንገለባበጠው ክራክ ጌም አይሠራም፣ ኦሪጅናሉ የግድ ነው። ለእኔ ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ገዛልኝ። ከ100 ጊጋባይት በላይ ነፃ ቦታ አዘጋጁ፣ ዳውንሎዱን ሌሊት አድርጉት፣ ደህና ማይክ ግዙ። ዲስኮርድ በሚባለው መወያያ መተግበሪያ ላይ ፎርም ትሞላላችሁ፣ ሕጉን ታነባላችሁ፣ ቃለ መጠይቅ ታልፋላችሁ፣ ትገባላችሁ።

ፎርሙ ላይ «የካራክተርህን ታሪክ በዝርዝር ጻፍ» ይላል። አትስሟቸው። አባቱ የተገደለበት፣ ወታደር የነበረ፣ በቀል የሚፈልግ እያሉ ገጽ የሚሞሉ አሉ፤ ከተማው ውስጥ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ሰውዬው ምን ሠርቶ ይበላል፣ ማንን ይፈራል፣ ምን ሲሉት ይቆጣል? ይህን ካወቃችሁ ሌላው እየተጫወታችሁ ይመጣል።

የእኔ ሰው ጋሽ ደመላሽ ይባላል፤ ከጎንደር ተሰዶ የጌሙ ከተማ ሎስ ሳንቶስ የገባ ሽማግሌ አዝማሪ ነው። ሰርቨሩ የሐበሻ ነው፣ አዲስ አበባም አሜሪካም አረብ አገርም ያሉ ልጆች አሉበት። ጌሙ ውስጥ ማሲንቆ የለም። ስለዚህ የሰፈራችን ልጅ ሲጫወት በስልኬ ቀድቼ፣ ስልኩን ማይኩ አጠገብ አስቀምጬ እለቀዋለሁ። እንቅስቃሴውን ደግሞ «ሚ» (/me) በሚለው ትዕዛዝ እጽፈዋለሁ፤ «ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጭራውን ይቃኛል» ስል ጽሑፉ ከራሴ በላይ ይታያል። ሰው ቡና ቤቱ ውስጥ ይሰበሰባል፣ አንዱ «ተቀበል ጋሼ!» ብሎ ግጥም ይሰጠኛል፣ እኔ እቀበላለሁ። ሲሸልሙኝ እነሱም «ሚ» ብለው «ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፋል» ብለው ይጽፋሉ። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎች ዋሽንግተን ተቀምጠው አንቱ ሲሉኝ ያመሻሉ። ብኮራበት አይፈረድብኝም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሜታጌሚንግ የሚባል ትልቅ ጥፋት አለ። ተጫዋቹ ስላወቀ ብቻ ካራክተሩ ያልሰማውን ነገር ሲጠቀምበት ነው። ዲስኮርድ ላይ ያነበባችሁትን፣ የሌላ ሰው ላይቭ ላይ ያያችሁትን ወደ ከተማው ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሕጉ ትክክል ነው፤ ያለ እሱ ሌባም ፖሊስም ትርጉም የለውም።

አንድ ምሽት አንድ ደንበኛ ቀረብ አለኝ። ድምፁን ወደ ሹክሹክታ አውርዶ (ፋይቭኤም ላይ ድምፅ በርቀት ነው የሚሰማው፤ ሹክ ስትሉ ከአጠገባችሁ ካለ ሰው በቀር አይሰማም) ግጥም ሰጠኝ፦

ከወርቅ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ የሚያዛጋው፣
እንቅልፍ አይደለም ሌሊት ነው የጠፋው።

እኔም ተቀብዬ ጮክ ብዬ ዘፈንኩት። ቤቱ ሳቀ። አንድ ፖሊስ ካራክተር ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልሳቀም። ሌሊት ወርቅ ቤቱን ሊዘርፉ የመጡት ልጆች መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲጠብቃቸው አገኙት። በነጋታው ዲስኮርድ ስከፍት ባን ተደርጌያለሁ (ከሰርቨሩ ታግጃለሁ)፤ «ሜታጌሚንግ፣ የከሳሾችን ላይቭ አይቶ መረጃ ማስተላለፍ» ይላል።

የሚያናድደው ገና ይመጣል። ግጥሙን የሰጠኝ ሰው ከዘራፊዎቹ አንዱ ነው፤ ከጓደኞቹ ተጣልቶ ሊያስይዛቸው ፈልጎ። ጥሩ ሮልፕሌይ ነው። ግን ዲስኮርድ ላይ «እኔ ነኝ የነገርኩት» ካለ ጓደኞቹ ሁሉ ያነቡታል፣ ካራክተሩ ከዳተኛ መሆኑ ከከተማው ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ዝም አለ። እኔም ስሙን ካወጣሁ የእሱን ምስጢር ለተጫዋቾቹ አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው፤ ያው ሜታጌሚንግ። ማለትም ሕግ እንዳልጥስ ብዬ ሕግ ጥሰሃል የሚለውን ክስ መቀበል ነበረብኝ። አድሚኑን «ይህን ለአንተ ብቻ በግል ልንገርህ» አልኩት። «ብሮ፣ ሁሉም ነገር ቲኬቱ ላይ ይጻፍ፣ ቲኬቱ ለሁለቱም ወገን ክፍት ነው» አለኝ (ቲኬት ክሱ የሚታይበት የዲስኮርድ ገጽ ነው)።

ችሎቱን ማታ 8 ሰዓት ቀጠረው፤ በእሱ አገር፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት። እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቤተሰብ ተኝቷል፣ ማይኩን አፌ ላይ ለጥፌ አንሾካሹካለሁ፣ እሱ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ይላል። እናቴ ለኪዳን ስትነሳ በሩን ከፈት አድርጋ «ከማን ጋር ነው በዚህ ሌሊት?» አለችኝ። «ከዳኛ ጋር» አልኳት። አማትባ ወጣች።

አድሚኑ የጠየቀኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «ግጥሙን ማን ጻፈልህ?» አለኝ። ማንም አልጻፈልኝም፣ አዝማሪ ተቀበል ሲባል ይቀበላል፣ አባቶቻችን ሹም የሚሰድቡት እንዲህ ነው እያልኩ ሳስረዳው «ክሊፕ አለህ?» ብሎ አቋረጠኝ። የሰርቨሩ መዝገብ የሚያስቀምጠው የተጻፈ ነገር ነው፣ ድምፅ አያስቀምጥም። ኮምፒውተሬ እየቀዳ መጫወት አይችልም፣ ይንተፋተፋል። ይህንኑ እየነገርኩት መብራት ሄደ። ቲኬቱ ላይ «ተከሳሹ ችሎቱን ጥሎ ወጣ» ተብሎ ተመዘገበ።

ሕዝቡ ሁሉ ፋሲል መዋኛ በወረደበት ሰሞን ያ ደንበኛ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ለሌላ አድሚን በግል ተናገረ፤ ለእኔ የተከለከለው ለእሱ ተፈቀደ። «ባኑ ተነስቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። ኦቢኤስ በሚባለው የስክሪን መቅጃ ላይ ሪፕሌይ በፈር የሚባል አለ፤ ያለፉትን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይዞ ይቆያል፣ ቁልፍ ስትጫኑ ያስቀምጠዋል። ጥራቱን አውርዳችሁ ክፈቱት፣ ደካማ ኮምፒውተርም ሊሸከመው ይችላል። ሕጉ «በድምፅ መነጋገር ይመረጣል» ቢልም፣ ነገር ያለበት ሹክሹክታ ሲመጣ «ሚ» ብላችሁ «ከጎኑ ያለው ሰው የሰጠውን ግጥም ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል» ብላችሁ ጻፉ። ትዕዛዙ ከድሮዎቹ የአይአርሲ ቻቶች የወረደ ነው፣ የጻፋችሁትም መዝገብ ላይ ይቀራል። የችሎት ሰዓት ሲሰጣችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሳችሁ ጻፉላቸው፣ መብራት ሊሄድ እንደሚችልም አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። የቲኬቱን ጠብ ደግሞ ወደ ከተማው ይዛችሁ አትግቡ። ከሳሾቼ ተመልሰው ቡና ቤት ሲመጡ ጋሽ ደመላሽ አያውቃቸውም፤ እንደ ማንም ደንበኛ እጅ ነሥቶ ተቀበላቸው። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አንቀጽ ወጥቷል፤ «ዘፋኝ ካራክተር ሊፈጸም ስለታሰበ ወንጀል በዘፈን መረጃ አያስተላልፍም» ይላል። አዝማሪን አፉን ዘግተህ ዝፈን እንደ ማለት ነው። ተቃውሜ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ቢሆንም ዘራፊዎቹ አንቀጹን ያነበቡት አልመሰለኝም። አሁን ሥራ ካሰቡ አስቀድመው ወደ ጋሽ ደመላሽ ይመጡና፣ ስማቸውን እንዳያነሳ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፋሉ። እኔም እቀበላለሁ፤ አንቀጹ ዝም ለማለት መሸለምን አልከለከለም።