ቀዝቃዛ ሞተር፣ የሞቀ ዘይት፦ ያገለገለ ኤክስካቫተር ማየት ስማር

ባለፈው ሳምንት 14ኛዋን ማሽን አየሁ። ያየኋቸውን ሁሉ በደብተር እይዛለሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያለው ማስታወሻ «ሞተሯ ጥሩ ነው፣ አካሏ ንጹሕ ነው» ከማለት አያልፍም። አሁን አንዷን ለማየት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። መካኒክ አይደለሁም፤ ሥራዬ ቁፋሮ ነው። ግን እንደኔ ያገለገለ ማሽን ለመግዛት የምታስቡ ስላላችሁ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መማር የጀመርኩት ከባልደረባዬ ጋር በገዛናት ማሽን ነው። 20 ቶን የምትመዝን ባለ ሰንሰለት ኤክስካቫተር ነበረች። ልናያት ስንደርስ ሞተሯ ተነሥቶ ይሠራል። ሻጩ «እንዳትጠብቁ ብዬ አስነሣኋት» አለን። እኛም አመሰገንን። ቆፈረች፣ ዞረች፣ ሄደች። ገዛናት። ሥራ በገባች በሳምንቷ ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ታስቸግር ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘይቷ ሲሞቅ ቡሟ (ከአካሏ ጋር የተያያዘው ትልቁ ክንዷ) ተነሥቶ መቆም አቃተው፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሁለቱም ችግሮች በገዛንበት ቀን ነበሩ። እኛ ያየናት ሁለቱም በማይታዩበት ሰዓት ነው። ሞተሯ ሞቋል፣ የሃይድሮሊክ ዘይቷ ግን ገና አልሞቀም።

ስለዚህ አሁን የማልለቀው ሕግ አለኝ። ማሽኗን ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዛ አያታለሁ፤ ከዚያ በደንብ እስክትሞቅ አሠርቼ እንደገና አያታለሁ። ቀድሜ ደውዬ «እስክመጣ እንዳትነሣ» እላለሁ። ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው እጄን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ሙቀት መኖሩን ማየት ነው። ሞቆ ካገኘሁት በሌላ ቀን እመለሳለሁ።

ሳትነሣ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እከፍታለሁ። ይህ የሚደረገው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ሲሞቅ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ውሃና ዘይት የሚገናኙበት ቦታ አለ ማለት ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል፣ የዘይት ማቀዝቀዣውም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ትነሣለች። ነጭ ጭስ መጀመሪያ ላይ ወጥቶ ወዲያው ከጠራ ብዙ አያስጨንቀኝም። ሳይጠራ ከቀጠለና ውሃም የሚጎድል ከሆነ ያስጨንቀኛል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ሥራ ሲከብዳት ነው የሚታየው፤ አንዳንዴ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ነው።

አንድ አዛውንት መካኒክ ያስተማሩኝ ሙከራ አለ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። እየዘለለ ከወደቀና ጭስ በኃይል ከተነፈሰ፣ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀው ግፊቱ ወደ ታች እያመለጠ ነው። በአንድ ማሽን ብቻ ግን መፍረድ ከባድ ነው። እኔ ልዩነቱ የገባኝ አምስት ስድስት ማሽን ላይ ከሞከርኩ በኋላ ነው።

ማሽኗ የሠራችበትን ሰዓት የሚይዘውን ቆጣሪ አያለሁ፣ ግን ብቻውን አላምነውም። ቆጣሪው 4,000 እያለ የፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ካበራ፣ የመንጃ እጀታው ለስልሶ መቀመጫው ከተቀደደ፣ ቁጥሩና ማሽኗ አይስማሙም። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሰዓቱን ኮምፒውተራቸው ውስጥም ይይዛሉ። ማንበቢያ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ አስነብቡት።

አሁን ወደ እግሯ፣ ማለትም ወደ ሰንሰለቱና አብረውት ወደሚሠሩት ክፍሎች ልሂድ። ብዙ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። በባለ ሰንሰለት ማሽን ከጠቅላላው የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ የሚደርሰው እግሯ ላይ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ጭቃውን አስጠርጋለሁ። ጭቃ ያለበት እግር አልታየም ማለት ነው። የሰንሰለቱ ፒንና ቡሽ (አገናኞቹን የሚያያይዘው ዘንግና ዘንጉን የሚያቅፈው ቀለበት) ሲበላ ሰንሰለቱ ይረዝማል። ሲረዝም ከሚያዞረው ጎማ ጥርስ ጋር አይገጥምም፤ ጥርሱም እየሾለ ይሄዳል። ስለዚህ የሾለ ጥርስ ሳይ ሐሳቤ ወዲያው ወደ ሰንሰለቱ ይሄዳል። ሰንሰለቱን ወጥሬ ከፒን እስከ ፒን አራት አገናኝ በሜትር እለካለሁ፤ ልኬቱን አምራቹ ካወጣው የመበላት ገደብ ጋር አስተያያለሁ። ካተርፒላርም ኮማትሱም እንዲህ ዓይነት ሰንጠረዥ አላቸው።

ዘጠነኛዋ ማሽን ላይ አዲስ ነገር ተማርኩ። ሰንሰለቷ በደንብ የተወጠረ ነበር። መሬት የሚረግጡትን የሰንሰለቱን ሳህኖች ስቆጥር ግን በግራ በኩል ከቀኙ አንድ ያንሳል። ሰንሰለቱ ረዝሞ መወጠሪያው አልችል ሲል አንድ አገናኝ ቆርጠው አውጥተውለታል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ጎን ሳልቆጥር አልሄድም፤ ቁጥሩንም ከማሽኗ መጽሐፍ ጋር አመሳክራለሁ። ሁለቱም ጎን እኩል ተቆርጦ ሊሆን ይችላላ!

ከላይኛው አካልና ከእግሯ መካከል ያለው ትልቁ የመዞሪያ ኩሽኔታ ለረጅም ጊዜ የማላየው ነገር ነበር። እሱን ለመቀየር የላይኛው አካል በሙሉ መነሣት አለበት። ስለዚህ አሁን ጊዜ እሰጠዋለሁ። ኦፕሬተሩ ክንዱን ዘርግቶ ባልዲውን ከመሬት ከፍ ያደርጋል። ቀጥሎ ባልዲውን መሬት ላይ ተጭኖ የእግሯን ፊት ትንሽ ያነሣል። እኔ ከጎን ራቅ ብዬ በላይኛውና በታችኛው አካል መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱ ጊዜ ምን ያህል እንደተለወጠ አያለሁ። በዓይን በግልጽ የሚታይ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። በትክክል የሚለካው መግነጢስ ባለው መለኪያ ነው፤ እሱን ከገዛሁ ገና ሦስት ማሽን ነው የለካሁበት። ስትዞር ቆማ አቅጣጫ ስትቀይር «ቋ» የሚል ድምፅም አዳምጣለሁ። ከግሪሱ ትንሽ በጣቴ እወስዳለሁ። የብረት ብናኝ ካንጸባረቀ እጽፈዋለሁ።

ሃይድሮሊኩን ሳይሞቅ አልፈትሽም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ትቆፍር። ዘይቱ 50 ዲግሪ ሲደርስ ይቀጥናል፤ ያኔ ያለቀ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ማሸጊያ) ሊይዘው አይችልም። ባልዲው አፈር ሞልቶ ክንዱ ተዘርግቶ ይነሣና ሞተሩ ይጠፋል። የሲሊንደሩ ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቱን የማደርገው ከጎን ሆኜ ነው፤ ከቡሙ ሥር ማንም አይቆምም። ከዚያ 5 ደቂቃ እጠብቅና ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ እለካለሁ። ሁሉም ማሽን ትንሽ ይወርዳል፣ የተፈቀደውም መጠን መጽሐፏ ላይ አለ። ከዚያ ካለፈ ወይ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ነው ወይ ዘይቱን የሚያከፋፍለው ዋናው ቫልቭ ነው። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ስለሚለያይ የትኛው እንደሆነ መካኒክ ሳይለየው ስለ ዋጋ አላወራም።

ቱቦዎቹን በእጅ እየዳሰሳችሁ የሚፈስ እንዳትፈልጉ፣ አደራ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ጓንትም ቆዳም ይበሳል። ገብቶም እጅ እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ካርቶን አስጠግታችሁ እርጥበት እዩበት።

ቀጥሎ ረጅም ሜዳ ላይ ሁለቱን ፔዳል እስከ መጨረሻ ረግጦ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ነው። ወደ አንድ ጎን ካጠማዘዘች የዚያን ጎን ሰንሰለት የሚነዳው የሃይድሮሊክ ሞተር ደክሞ ሊሆን ይችላል። በብዙ ኤክስካቫተሮች ግን ሁለት ዋና ፓምፖች አሉ፤ እያንዳንዱ አንዱን እግር ይመግባል። ከዚያው ፓምፕ ጋር የተያያዘ ሌላ እንቅስቃሴም ከዘገየ ጥርጣሬዬ ወደ ፓምፑ ይዞራል። ይህን መለየት አሁንም ይከብደኛል፤ የሃይድሮሊክ ንድፏን ይዤ ነው የምሄደው።

ስንጥቅ ፍለጋ ላይ አዲስ ቀለም ያስጠነቅቀኛል። ቡሙ ሥርና ክንዱ ከቡሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የእጅ ባትሪዬን ወደ ጎን አዘንብዬ አበራለሁ። ቀለሙን ሰንጥቆ የወጣ ቀጭን የዝገት መስመር እዚያ ይታያል።

ስለ 14ኛዋ ልጨርስ። ሞተሯ ቀዝቅዞ ነው ያገኘሁት፣ በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ ጭሱም ወዲያው ጠራ። ሰንሰለቷ ገና ብዙ ይሠራል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ቡሟ የወረደው ከተፈቀደው በታች ነው። የቀኝ እግሯ የመጨረሻ ማርሽ (ኃይሉን ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰው) ዘይት ግን መብራት ላይ ሳየው እንደ ብር ብናኝ አበራ፣ የግራው ንጹሕ ነው። ከሁለቱም ናሙና ወስጄ ላብራቶሪ ሰጥቻለሁ። ብረቱ ከፍ ብሎ ከመጣ ማርሹ ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ነው፤ ሲሊከን አብሮ ከጨመረ ደግሞ አፈር ገብቶበታል። ሻጩ ዋጋ እንድቆርጥ እየደወለ ነው። ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል፣ እስከዚያ አልመልስለትም።