ባለ አንድ ሞተሯ

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ትልቅ ነው፣ ያምራል። ልቤ ግን ሌላ ጋ ነበር። ሦስት ወር ሆነኝ፣ ሰማይ ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ናት።

የአክስቴ ልጅ ናይሮቢ ነው የሚኖረው። ዊልሰን አየር ማረፊያ በረራ ተምሮ ፈቃድ አውጥቷል። ልጠይቀው የሄድኩ ሰሞን ሴስና 172 ተከራይቶ ይዞኝ ወጣ። አራት መቀመጫ፣ ከላይ የተዘረጋ ክንፍ፣ ከፊት አንድ ሞተር። የዚህች ዓይነት አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረችው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስካሁን ከ44,000 በላይ ተሠርታለች። በዓለም ላይ የእሷን ያህል በብዛት የተሠራ አውሮፕላን የለም። በሯ ስስ ነው፣ እንደ ድሮ ቮልስ በር ቀስ ተብሎ ነው የሚዘጋው።

እኔን የያዘኝ ግን ከበረራው በፊት ያየሁት ነው። ዙሪያዋን እየዞረ በእጁ ዳሰሳት። ክንፉን፣ ጎማውን፣ የፕሮፔለሩን ጠርዝ። ከዚያ ከክንፏ ሥር ትንሽ ነዳጅ ግልጥልጥ ባለች ኩባያ ቀዳና ወደ ብርሃኑ አነሳው። ነዳጁ ሰማያዊ ነው፤ እንዲለይ ሆን ተብሎ ቀለም ይገባበታል።

«ምን እያየህ ነው?» አልኩት።

«ውኃ። ካለበት ከታች ይዘቅጣል።»

አባቴ ታየኝ። አባቴ ጣና ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጀልባ ነድቷል። ጠዋት ጠዋት ቤንዚኑን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ልክ እንደዚያ ወደ ፀሐይ ያነሳ ነበር። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ከዘጌ ስንመለስ መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ነፋሱ ተነሥቷል፣ ማዕበሉ ከጎን ይመታናል። የገዛው ቤንዚን ውኃ ነበረበት። አባዬ ካርቡሬተሩን ፈትቶ፣ አድርቆ፣ መልሶ እስኪገጥም ጀልባዋን በመቅዘፊያ የያዝኳት እኔ ነኝ። ዳር የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ጠርሙሱን ሳያይ ወጥቶ አያውቅም።

ትንሿ አውሮፕላን ውስጥም ያገኘሁት ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። ትልቁ አውሮፕላን ላይ ተሳፋሪ ነህ፤ ሌላው ያስብልሃል። እዚህ ግን ሞተሩ ፊትህ ነው፣ ድምፁ ደረትህ ውስጥ ይገባል። አንድ ስለሆነ ትሰማዋለህ። ከመነሳታችን በፊት ሞተሩን ከፍ አድርጎ ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጡትን ማግኔቶዎች አንድ በአንድ ፈተሻቸው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ አንዱ ማግኔቶ ቢሞት ሌላው ያስኬደዋል። ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ሞተሩ አይቆምም፤ ማግኔቶው ኤሌክትሪኩን ራሱ ነው የሚያመነጨው። አንድ ሞተር ሲባል ውስጡ ይህን ያህል ታስቦበታል።

ቀጥሎ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዩን ማስተካከያ ትንሽ ወደ ራሱ ሳበው። ናይሮቢም እንደ ባሕር ዳር ከፍ ያለች ናት፣ አየሩ ስስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት፣ ያለዚያ ሞተሩ ይታፈናል። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል አለኝ። ወዲያው ያሰላሁት የአባቴን ሞተር ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወረቀቱ 40 የፈረስ ጉልበት የሚለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 33 ያህል ነው ማለት ነው። አባዬ «ይሄ ሞተር የተባለውን ያህል አይደለም» ሲል የኖረው እውነቱን ነበር።

በረራውስ? ከፍ ብለን ሜዳ ላይ ስንደርስ ጋዙን ቀነሰውና ሞተሩ ዝም አለ ማለት ይቻላል። እጄ ወንበሩን ጨመቀ። አውሮፕላኗ ግን አልወደቀችም። አፍንጫዋን ትንሽ ደፍታ እንደ ጭልፊት ተንሳፈፈች። ነፋስ ከሌለ ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። «ስለዚህ ሁልጊዜ የማርፍበትን እያየሁ ነው የምበረው» አለኝ።

«ፀሐይ» የምትባለዋንም አስባለሁ። በ1928 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና ኢትዮጵያውያን የሠሯት አውሮፕላን ናት። እሷም ባለ አንድ ሞተር፣ ሁለት ሰው የምትይዝ። ጣሊያን ወስዷት ለረጅም ዓመታት ሮም አካባቢ በሚገኘው የብራቻኖ ሐይቅ ዳር ሙዚየም ውስጥ ቆመች። ጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ዜናውን ደጋግሜ ነው ያየሁት። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው፣ እሷም ስንት ዘመን ውኃ ዳር ቆማ መቆየቷ አንጀት ይበላል።

ከናይሮቢ እንደተመለስኩ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየ። ነዳጁን ወደ ብርሃን የሚያነሳበት ቦታ ላይ «አቁሚው» አለኝና አተኩሮ አየው።

«ሞተሩ ሐይቁ መሐል ላይ ቢጠፋስ?»

መሐል መሐሉን እንደማይሄዱ፣ ተንሳፍፈው ዳር ከሚደርሱበት ርቀት እንደማይወጡ ነገርኩት።

«እንደ ታንኳ በያት! ዳር ዳሩን።»

ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መስመር ያሰምር ጀመር። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በምዕራብ በኩል እስከ ዘጌ። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የትኛው ዳር ጠፍጣፋ ሣር እንደሚሆን፣ የቱ ጋ ደንገል እንደሚበዛ፣ የቱ ጋ ድንጋይ እንዳለ እየነገረኝ።

«እዚህ ጋ ታርፋለች» አለኝ። ጣቱን ከዚያ አላነሳም።