ማንም በማይነካህ አገር ትግል መማር

ኤምኤምኤ፣ ማለትም ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀሉበትን ስፖርት፣ እንደምሰለጥን የሰሙ ዘመዶቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ከማን ጋር ልትደባደብ ነው?» ይሉኛል። ከማንም ጋር። ውድድር ገብቼ ስም የማውጣት ሐሳብም የለኝም፣ ዕድሜዬም ለዚያ አልፏል። ግን እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ለራሴ ካደረግኩት ነገር ሁሉ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ለምን እንደሆነ ልጻፈው።

አገር ቤት ሰው ይነካሃል። ጓደኛህ ትከሻህን አቅፎ ነው መንገድ የሚሄደው፣ ሰላምታው ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጋር ተጣብቀህ ትቀመጣለህ፣ ለቅሶ ቤት አንገትህ ላይ ተጠምጥመው ያለቅሳሉ። እዚህ ስትመጣ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማል። የመጀመሪያ ሥራዬ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነበር፣ እንደ ብዙ ሐበሻ። ከመሬት በታች ቁጭ ብለህ ቁልፍ ትቀበላለህ፣ ቁልፍ ትመልሳለህ። ቀጥሎ ኡበር ጀመርኩ። ተሳፋሪው ከኋላ ነው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ፣ ሲወርድ በሩን ይዘጋል፣ አለቀ። እሁድ ቤተክርስቲያን ካልሄድክ ሳምንቱ የሰው እጅ ሳያርፍብህ ያልፋል። እኔ ይሄን ነገር ጂም እስክገባ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፣ ድካም ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ጂም ስገባ ግን ገና በመጀመሪያው ትምህርት ስሙን በቅጡ ያልያዝኩት ሰው በሙሉ ክብደቱ ደረቴ ላይ ተጭኗል። ከኤምኤምኤ አንዱ ክፍል የሆነው ጁጂትሱ፣ መሬት ላይ የሚደረገው ትግል፣ እንደዚያ ነው። ላቡ ፊትህ ላይ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሹ ጆሮህ ሥር ነው፣ አንገትህን ሊያንቅ ይታገልሃል፣ አንተም ለማምለጥ ትታገላለህ፣ ዙሩ ሲያልቅ ጎትቶ ያስነሳህና ያቅፍሃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻና ኤልሳልቫዶራውያን ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈር ነው፣ የእኔም የዘወትር ጓደኛ ከኤልሳልቫዶር የመጣ ጣሪያ ሠሪ ነው። የእሱ እንግሊዝኛም የእኔም ብዙ አያስኬድም። ግን ቀኝ ጉልበቴ ደካማ እንደሆነ ያውቃል። ነግሬው አይደለም፣ ሲታገለኝ ነው ያወቀው፣ ከዚያ ጀምሮ በዚያ በኩል ክብደቱን ጥሎብኝ አያውቅም። እኔም እሱ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ከዋለ ወገቡን አላስጨንቀውም።

ወደ ስፖርቱ የመጣሁት በቴኳንዶ በኩል ነው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ብዙው ነካክቶታል፣ በቀበሌ አዳራሽ በባዶ እግር ተሰልፈን በኮሪያኛ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» እያልን የቆጠርነው ብዙ ነን። በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ከቀበቶ በታች መምታት ክልክል ነው፣ ፊትን በቡጢ መምታትም አይፈቀድም። ስለዚህ ሰውነትህ እጅ ዝቅ አድርጎ፣ ጎን ሰጥቶ መቆም ይለምዳል። ሙአይታይ የሚባለውን የታይላንድ ቡጢና እርግጫ የሚሠራ ሰው ይሄን አቋም ሲያይ የፊት እግርህን ጭን በእግሩ አገዳ ይመታዋል፣ በማግስቱ ፍሬን መርገጥ ራሱ ሥራ ይሆናል። ግን የልጅነቱ ትምህርት ከንቱ አልሆነም። የእግር ፍጥነቱ አለ፣ ርቀት መለካቱ አለ፣ የጎን ምቱ አለ። አሰልጣኛችን አይቶ የጎን ምቱን ለሌሎች እንዳሳይ አደረገኝ። የቀበሌ አዳራሽ ያስተማረኝን ነገር አሜሪካ ውስጥ ቆሜ ሳሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፣ ምክንያቱም ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁትን እውቀት ሰው ሲፈልገው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ኤምኤምኤ ሲባል ሕግ የሌለው ድብድብ ይመስለዋል። ሲጀመር እውነትም ለዚያ የቀረበ ነበር። ዩኤፍሲ የሚባለው የኤምኤምኤ ውድድር የመጀመሪያው በኅዳር 1993 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ዴንቨር ሲካሄድ የክብደት ምድብ አልነበረም፣ ሕጉም ከጥቂት ክልከላ አያልፍም። ያሸነፈው ሮይስ ግሬሲ የሚባል ቀጭን ብራዚላዊ ነው፣ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸነፈ፣ በጡንቻ ሳይሆን በጁጂትሱ። ያ ጁጂትሱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ሚትሱዮ ማኤዳ የሚባል ጃፓናዊ የጁዶ ሰው በ1914 ብራዚል ገባ፣ እዚያው ቀረ፣ ለሮይስ አጎት ለካርሎስ ግሬሲ አስተማረ። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። አንድ ሰው አገሩን ትቶ የሚያውቀውን ይዞ ሄደ፣ የሄደበት አገር ተቀብሎ አሳደገው፣ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሐበሻና አንድ ኤልሳልቫዶራዊ በዚያ ይተቃቀፋሉ። ዛሬ ደግሞ ሕጉ ጠንካራ ነው። የክብደት ምድብ አለ፣ ዙሩ በፕሮፌሽናል 5 ደቂቃ ነው፣ በጭንቅላት መግጨት፣ ዓይን መውጋት፣ ማጅራት መምታት ክልክል ነው።

ፍራንሲስ ንጋኑን የማታውቁት ካላችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ካሜሩን ባቲዬ የምትባል ቦታ ተወልዶ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገ ሰው ነው። በረሃውን አቋርጦ ሞሮኮ ደረሰ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ስፔን ገባ፣ እስር ቤት አስገቡት። በ2013 ፓሪስ ሲደርስ ማደሪያ አልነበረውም፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይተኛ ነበር። ቦክሰኛ መሆን ነበር የሚፈልገው፣ ጂም ያስጠጉት ሰዎች ወደ ኤምኤምኤ መሩት። በመጋቢት 2021 የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ክረምት ላይ ያ ቦታ ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ። በሊቢያ በኩል የሄዱ፣ በየመን በኩል የሄዱ የሰፈሬ ልጆች አሉ። ስለዚህ ስለሱ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ቀበቶው አይደለም፣ ያ ጂም በሩን የከፈተለት ቀን ነው።

አሁን ዋናውን ልናገር። ጁጂትሱ ውስጥ ስትታነቅ ወይም ክንድህ ሲጠመዘዝ የያዘህን ሰው በእጅህ መታ መታ ታደርገዋለህ። ታፕ ይባላል። ያኔውኑ ይለቅሃል። ጥያቄ የለም፣ ማሾፍ የለም፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። ታፕ ካላደረግክ ክንድህ ይሰበራል፣ ወይም የአንገትህ ደም ሥር ተይዞ በአሥር ሰከንድ አካባቢ ራስህን ትስታለህ። እኛ ደግሞ በቃኝ ማለት የማንችል ሰዎች ነን። ኪራይ ደርሶብን፣ መኪናው ተበላሽቶ፣ ስልክ ሲደወል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ለወላጅ መጨነቅ አለ፣ ክብር አለ፣ «አሜሪካ ሆኖ እንዴት ይቸግረዋል» የሚለውን ሰው መፍራት አለ። በየቀኑ ታፕ እያደረግኩ ስከርም አንድ ቀን ለታላቅ እህቴ ደወልኩና «እትዬ፣ በዚህ ወር አልቻልኩም፣ ሥራ ቀዝቅዟል» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ለምን ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?» አለችኝ። ያችን ዓረፍተ ነገር ለመስማት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ሳስብ ይቆጨኛል። ለሌላውም ስደተኛ የምመኘው ይሄንኑ ነው።

የማልደብቀው ነገር፣ አደጋ አለው። ኡበር የሚነዳ ሰው የሕመም ፈቃድ የለውም፣ ጣት ከተሰበረ ገቢ የለም፣ ኢንሹራንስ ቢኖርህ እንኳ የድንገተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስከፍልህ ድርሻ ያስደነግጣል። ስለዚህ እኔ አቋሜ ግልጽ ነው። ጭንቅላት ላይ በኃይል የሚመታቱበት ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ፍልሚያ፣ አልገባም። በፕሮፌሽናል ለማይወዳደር ሰው አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም፣ በተደጋጋሚ ጭንቅላት መመታት አንጎልን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፣ ይሄ አንጎል ደግሞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አንጎል ነው። በ16 አውንስ ጓንት፣ በቀስታ፣ ቦታና ጊዜ እየለኩ መሥራት ብዙ ያስተምራል። ከዚህ ሌላ ጭርት አለ፣ ምንጣፍ ላይ በቀላሉ ይተላለፋል። እንደጨረስክ ወዲያው መታጠብ፣ ልብሱን በዚያው ቀን ማጠብ፣ ያበጠ ቁስል ካለብህ ቤትህ መቅረት።

እናቴ አልተቀበለችውም። በቪዲዮ ስንገናኝ «ፊትህን ወደ መብራቱ አዙር እስቲ» ትለኛለች። አንዴ ዓይኔ ሥር በልዞ አይታ «ማነው የመታህ ልጄ?» ብላ አለቀሰች፣ እኔም እስክትረጋጋ ድረስ አልዘጋሁትም። ገንዘቡም ጥያቄ ነው። በእኛ አካባቢ ደህና ጂም በወር 150 ዶላር እና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፣ ወደ ብር ስትመነዝረው አገር ቤት ምን እንደሚሠራ ታስባለህና እጅህ ይያዛል። እኔ አስቤበት ነው የምከፍለው። መጠጡን በዚያ ተውኩ። እንቅልፍ ተመለሰልኝ፣ ቀድሞ ሌሊቱን ጣሪያ እያየሁ ነበር የማነጋው። ደህና ያልሆነ ሰው ለቤተሰቡም ብዙ ጊዜ አይዘልቅም።

ጾሙን በተመለከተ ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማቆም አያስፈልግም። እኔ ቀን የሚበላበት ሰዓት ከደረሰ በኋላ በሶ በጥብጬ ጠጥቼ የማታውን ክፍል እገባለሁ፣ ስመለስ ሽሮ ወይም ምስር በደንብ እበላለሁ። ዌይ የሚባለው የፕሮቲን ዱቄት ከወተት ስለሚሠራ ለጾም አይሆንም፣ ከአተር የሚሠራ አለ። ሙስሊም ጓደኞቻችን ደግሞ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ይመጣሉ፣ ክፍሉ ያን ጊዜ ደስ ይላል።

ለሴቶችም ነው። አብራን የምትሠራ አንዲት የእኛ አገር ልጅ አለች፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ሰውን ከአልጋ ስታነሳ ወገቧ ያማት ነበር። ጁጂትሱ ከሥር ሆነህ ከባድ ሰው የምታንቀሳቅሰው በዳሌህና በእግርህ እንጂ በወገብህ እንዳልሆነ ያስተምራል፣ እሷም ሥራ ቦታዋ ወሰደችው። አሁን ለባልደረቦቿ ታሳያለች።

መጀመር የምትፈልጉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ክፍል በነፃ ሞክሩ፣ አብዛኛው ጂም ይፈቅዳል። ውሉን አንብቡ፣ በተለይ የሚቋረጥበትን መንገድ። እኔ መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ቦታ ከለቀቅኩ በኋላ ካርዴን ሲቆርጥ ከርሟል። ከዚያ አዲስ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን ከጠንካራ ልጅ ጋር ስፓሪንግ የሚያስገቡ ከሆነ ውጡ። ታፕ ሲደረግ ቶሎ የማይለቅ ሰው ካያችሁና አሰልጣኙ ዝም ካለ፣ እሱንም ተዉት።

አየሩ ሲሞቅ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ልጆች ሣር ላይ እንሰባሰባለን፣ ክፍያ የለውም፣ ቡጢ የለም፣ መውደቅና ማምለጥ ብቻ ነው የምንለማመደው። ገና ከአገር ቤት የመጣ፣ ሰው የማያውቅ ልጅ ካለ ይዛችሁት ኑ። ጥፍር ተቆርጦ፣ ቀለበትና ሰዓት ወልቆ፣ ውኃ ተይዞ።